ፍሪጅ ውስጥ የቆመው ትኩስ ጡጦ

ፈጥራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ... በሉ። እኔ የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ላይ የደረሰውን ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ኮተቤ፣ ፀሐይ ወለል ብሎ የሚገባበት ወጥ ቤቴ ውስጥ።

ጨለማ አትጠብቁ። ጨለማ ቢሆንማ በተሻለኝ ነበር።

ገና አራስ ነኝ። በምወስደው መድኃኒት ምክንያት ጡት ማጥባት ስለተከለከልኩ ልጄ የሚያድገው በዱቄት ወተት ነው። ሐኪሟ አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች... ጡጦው ይቀቀል፣ ውሃው ይፍላ፣ የተዘጋጀው ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፣ ልጁ ያስተረፈው ይደፋ። እኔ ደግሞ በዚህ ቀልድ አላውቅም። በየጡጦው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ያዘጋጀሁበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ባለቤቴ ወንድይራድ "ላብራቶሪ ከፈትሽ እኮ" እያለ ይስቅብኛል።

ልታርሰኝ የመጣችው ታላቅ እህቴ ሰርክ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም እህቴም እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት እኔ እንድተኛ ልጁን የምታጠጣው እሷ ናት።

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍሪጁን ስከፍት... ፕላስተር የሌለው ጡጦ አየሁ።

ሙሉ ነው።

ነካሁት። ከቀዘቀዙት መሀል ቆሞ... ትኩስ ነው።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ሥሩ ላይ ደቃቅ ቀይ አፈር ተኝቷል።

"ሰርክዬ... ይሄን አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው?"

"ኧረ እኔ አይደለሁም።"

ዓይን ዓይኔን ግን አላየችም።

ደፋሁት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሌላ ቆሞ ጠበቀኝ። እሱንም ደፋሁት።

ከዚያ ልጄን ያስቀምጠው ጀመር። ዓይኑ ሰረጎደ። ሲያለቅስ እንባ አልወጣው አለ...

ክሊኒክ ይዘነው ሮጥን። "የምትበጠብጪለት ውሃ የምን ውሃ ነው?" አለችኝ ሐኪሟ።

"የፈላ!" አልኳት በሙሉ አፌ።

ሰርክ ከኋላዬ ቆማ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ልጁ ጉሉኮስ ተሰክቶለት፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ቤት እንደገባን የሰርክን አልጋ ሥር ፈተሽኩ። ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ። ያው ደቃቅ ቀይ አፈር ሥሩ ላይ የረጋበት የእንጦጦ ጸበል ነው።

"ለልጄ በዚህ ነው የምትበጠብጪለት?"

"ጠዋት ጠዋት ብቻ..." አለች በሹክሹክታ። "ክርስትና እስኪነሳ እንዲጠብቀው ብዬ..."

"አፍልተሽዋል?"

ደነገጠች። "ጸበል ይፈላል እንዴ?!"

ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቅበታለሁ። ግን አልጋ ሥር በጀሪካን የሰነበተ ያልፈላ ውሃ፣ አንጀቱ ላልጠና ጨቅላ!

"ማን አመጣልሽ?"

ጀሪካኑን መልሳ ወደ አልጋው ሥር ልትገፋው ጎነበሰች።

"ማን?"

ወደ ወንድይራድ አየች። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል።

"እንዳትቆጪ ብለን ነው ያልነገርንሽ..." አለ።

*ብለን።* በዓለም ላይ ያሉኝ ሁለት ሰዎች፣ እኔ ጡጦ ስቀቅል ከጀርባዬ ይመካከሩ ነበር። ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር፤ ያውም እየሳቁልኝ።

"ሁለታችሁም ውጡልኝ። ጀሪካኑንም ይዛችሁ።"

ሰርክ በሩ ላይ ቆመች። "አራስ ብቻዋን ቤት አትውልም። እኔን ጥዪኝ... ግን ሰው ይኑርሽ።"

"ሰው ነበረኝ" አልኳት። "ደግሞ ያንን ትኩሱን ጡጦ ለማን ነበር የምታስቀምጪው?"

ግንባሯ ተኮማተረ። "የቱን ትኩስ? በማርያም እልሻለሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር የለም። በጥብጬ ወዲያው ነው የማጠጣው።"

አላመንኳትም። ከዚህ በኋላ እንዴት ልመናት?

በማግስቱ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ከልጄ ጋር ብቻዬን ዋልኩ። ጡጦዎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ቀቀልኩ። ልጄን አጥግቤ መኝታ ቤት አስተኛሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ፍሪጁን ከፈትኩ...

ቆሟል።

ትኩስ ነው። ቀይ አፈሩም ሥሩ ላይ አለ። አሁን ግን ፕላስተር ተለጥፎበታል። "9 ሰዓት" ይላል።

ጽሑፉ የእኔ ነው። እኔ ግን አልጻፍኩትም።

"በማርያም" ያለችው ትዝ አለኝ። እህቴ እውነቷን ነበር... እኔ ደግሞ አባርሬያታለሁ።

ያኔ ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ።

ምጥጥ... ምጥጥ... ምጥጥ...

ልጄ እየጠባ ነው። ማንም በሌለበት ክፍል።

እጄ ላይ ያለውን ጡጦ አየሁት። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። ውስጡ ግን አረፋ ሽቅብ ይወጣል...

ወተቱ እየጎደለ ነበር።