የሙለታ ድርሻ

ኮከቤ አፍንጫዋን ይዛ የኮሶውን ጣሳ ወደ አፏ ስታስጠጋ የክፍል ጓደኛዋ ዘይቱና ክንዷን ለቀም አደረገችው።

«ዛሬስ አትጠጪም! ከእናቴ ቅመም ሱቅ ሰርቄ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ምን ይውጠኛል? በአንድ ወር ሦስተኛሽ'ኮ ነው!»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ቀጭኗ!»

ኮሶ የሚጠጣው ለትል እንደሆነ ኮከቤም አታጣውም። ግን ምን ታድርግ? የጤና ጣቢያውን ድሬሰር የሚያከሳ ኪኒን ብትጠይቀው «በዚህ የድርቅ ዘመን?» ብሎ ሳቀባት። ኮሶውን በጠጣች ማግስት ቀሚሷ ላላ ይልላታል፤ በሳልስቱ እንደነበረው ነው። ባለፈው ደግሞ ክፍል ውስጥ ዓይኗ ጨልሞባት ወደቀች።

ረቡዕ ዕለት ለወሎ መዋጮ ሲሰበሰብ አንዱ ከኋላ «ኮከቤን እንላክላቸው፤ አውራጃ ትቀልባለች!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ተንሰቀሰቀች። ቤቷ ስትደርስ የሮጠችው ወደ ሌማቱ ነው። ሲከፋት ትበላለች፤ በልታ ደግሞ ይብስ ይከፋታል።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች ዘይቱና፤ «ቤት ምንድነው እንዲህ የምትበዪው?»

ኮከቤ ጣሳውን ቁልቁል አየች። «የሙለታን።»

ታላቅ ወንድሟ ሙለታ ዓምና ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል፤ ደብዳቤው ከቀረ ስድስት ወሩ ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንዳለች ግን ዛሬም ማታ ማታ ድርሻውን ታቀርባለች። ካልተነካ እሱን እያየች ታለቅሳለች። ስለዚህ ኮከቤ የራሷን ጨርሳ የሱን ትደግማለች።

«ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ታለቅሳለቻ!»

«አንቺስ ሽንት ቤት ውስጥ ስታለቅሺ?»

 ኮከቤ ኮሶውን መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ደፋችውና ጌጃ ሰፈርን አቋርጣ ወደ ልደታ፣ ወደ ቤቷ ወረደች።

ማታ ወይዘሮ እንዳለች እንደ ልማዷ ሁለተኛውን ድርሻ ወደ ልጇ ገፋ አደረገች። «ብዪ እንጂ የኔ ልጅ፤ የወንድምሽ ቀረ'ኮ።»

ሽሮው ገና ይንተከተካል። የኮከቤ እጅ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። 

«ጠግቤያለሁ፣ እማዬ።»

የእናቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮከቤ ተነስታ መሸሽ አማራት፤ አልሸሸችም። በርጩማዋን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና የሌማቱን ክዳን አንስታ ምግቡን ከደነችው።

«የሱ ነው፣ እማዬ። ይቀመጥለት።»