የሪያን ካሴት

«እማዬ፣ ካሴቱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?» ስትል ሪያን ጠየቀች፤ እናቷ ግሌኒስ ፕሮሰር ግን ያን ቀን ልትመልስላት አልቻለችም።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የ1985 ዓ.ም. የካቲት ነበር፤ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች የከሰል ቆፋሪዎች አድማ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ፣ የግሌኒስ ባል ኢድሪስም እንደ ጎረቤቶቹ ጉድጓድ ከወረደ ከርሞ ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ በባለ ጎማ ጠረጴዛ ላይ ከክፍል ክፍል እየተገፋ ይዞራል፤ ልጆቹም በእሱ የሠሩትን ሁሉ በተራ የሙዚቃ ካሴት ይቀዱ ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመቷ ሪያን የብርዱን ወራት ከመሣሪያው ሳትለይ፣ የከሰል ጉድጓዱ መዘውር በስክሪኑ ላይ ሲዞር የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራች፤ መምህሯ አቶ ቤዶም ለአውራጃው ውድድር መረጧት። ሌላ ልጅ እንዳያጠፋባት ፈርታ ካሴቱን ወደ ቤት አመጣችው።

ቅዳሜ ዕለት የአድመኞቹ ሚስቶች ለሌሎች ሸለቆዎች የሚላክ መዝሙር ሊቀዱ በግሌኒስ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ባዶ ካሴት ጠፋ፤ ግሌኒስም የሪያንን ከመደርደሪያ አነሣች። ሳትጠነቀቅ አልቀረችም፤ አስቀድማ አጫወተችው፤ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ወጣ።

«የኔን ሰውዬ ሲዘፍን ነው እንዴ የቀዳሽው?» አለች ጎረቤቷ ኔስታ፤ ሴቶቹም ሣቁ። ግሌኒስ የተበላሸ ካሴት መስሏት የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በካሴት ሲጫወት እንዲህ እንደሚጮኽ፣ ያ ጩኸትም የልጇ መዘውር መሆኑን በምን ትወቅ?

ሪያን በፕሮግራሟ ላይ መዝሙር እንደ ተቀዳበት ያወቀችው እሑድ ነበር፤ ያን ጥያቄ የጠየቀችውም ያኔ ነው። ሰኞ፣ ለውድድሩ አንድ ቀን ሲቀር፣ አቶ ቤዶ እናትና ልጅን አስጠሩ።

«ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ካሴቱ ላይ ‹እንዳይጠፋ› የሚል ጽሕፈት አለ» አሉ በትሕትና። «አላዩትም?»

ግሌኒስ ከባሏ በቀር ማንም አያውቀውም የምትለውን፣ ማንበብ አለመቻሏን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም።

«መምህር፣ ዛሬ ጠዋት ነው የጻፍኩት» አለች ሪያን። «ቅዳሜ ምንም አልነበረበትም።»

አቶ ቤዶ ልጅቷን ስለ ዝርክርክነቷና ጽሕፈቱን በኋላ ጨምራ ስለ ማታለሏ ገሠጿት፤ የውድድሩንም ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጡ። እናትየው ቆማ ሰማች።

በመንገድ ላይ ግሌኒስ ለምን እንደ ዋሸች ጠየቀቻት።

«አንቺ ዝም ስትይ ምን ላድርግ?» አለች ሪያን። «ሱቅ በሄድን ቁጥር መነጽሬን ረሳሁ ትያለሽ። እማዬ፣ መነጽር እኮ የለሽም።»

በመጋቢት መጀመሪያ ቆፋሪዎቹ ሰንደቃቸውን አንግበው በማርሽ ባንድ ታጅበው ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ሰልፍ አልዘነጉትም፤ በአንዲት ልጅ ላይ ያለ ጥፋቷ የወረደውን ተግሣጽ ግን የመዘገበ የለም። ግሌኒስ እውነቱን ልትናገር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደጋግማ ሄደች፤ አልገባችም። ከዓመታት በኋላ ጉድጓዱ ተዘጋ። አቶ ቤዶ እውነቱን ሳይሰሙ ወደ ሰሜን ተዛወሩ፤ ሪያን ወደ ብሪስቶል ሄደች፤ ግሌኒስ ቀረች።