ኮሶ ጠጥተዋል የተባሉት ሰው

ፕሮፌሰር ባዩ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ራስጌያቸው ኮሶ የተበጠበጠበት ጣሳ፣ እግርጌያቸው ባልዲ ነበር። ኢንስፔክተር ዙበይዳ ስትደርስ ገና አልመሸም፤ የደብረ ታቦር ዝናብ ግን ቀኑን አጨልሞታል።

የሟቹ የጥናት ባልደረባ የሆነው ሐኪም ዶክተር ቃለአብ አስከሬኑን አይቶ እጁን በመሐረብ እየጠረገ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ኮሶ በዝቶባቸው ነው» አላት። «ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ውሎ ሰውነታቸው ደረቀ። እነዚህ ሻጮች መጠኑን የት ያውቁታል?»

የከተማው ኮሶ ሻጭ ጥሩወርቅ ትባላለች። የሰፈሩ ሰው ገበያ ወርዶ ቅርጫቷን ደፍቶ፣ ነጠላዋን ቀዶ ለፖሊስ አስረክቧታል። በዚህ አገር «ኮሶ ሻጭ» የሚለው ስድብ ለንጉሥ እናት እንኳ አልተመለሰም፤ ለጥሩወርቅማ ማን ይራራል? ትናንት ሆዱን ሲቆርጠው ደጇን ይጠና የነበረ ሁሉ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ይላታል። የዙበይዳ አለቃም በስልክ፣ «ሻጭዋ ትከሰስና እንገላገል» ብሏታል።

ዙበይዳ ለመገላገል የምትቸኩል ሴት አልነበረችም። የሟቹን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጋ ነጩ ላይ የፈሰሱትን ቀያይ ነጠብጣቦች አየች። ትራሱን ገለበጠችው፤ በታችኛው ፊቱ ላይ የደረቀ ምራቅና የጥርስ ምልክት አለ። ባልዲው ውሃ እንኳ አልነካውም። አልጋው ሥር የነበረውን ጫማ አንስታ ሶሉን በጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። በመጨረሻ ጣሳው ውስጥ ያለውን፣ በወጉ ያልደቀቀ አበባ በእንጨት እየገለባበጠች አጥብቃ አየችው።

የቤቱን ባለቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እማማ እመቤቴ፣ አንቱ ፕሮፌሰሩን በመጨረሻ መቼ ነው በሕይወት ያዩዋቸው?»

«ትናንት እራት ወስጄላቸው ጥርግ አርገው በሉ። ዛሬ በጠዋት በስልኬ ከሳቸው መልእክት መጣና ተከራይዋ ሊድያ አነበበችልኝ። ‹ኮሶ ጠጥቻለሁ፤ እስኪመሽ አትፈልጉኝ› ይላል። ለሌሎቹ ተከራዮቼም እንዲሁ ደርሷቸዋል። ኮሶ የጠጣ ሰው ደጅ ማን ይቆማል ልጄ? ነውር ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ኮሽታቸው ሲጠፋብኝ ፈርቼ ገባሁ።»

«የግቢው በር?»

«በቁልፍ ተዘግቶ ነው ያደረ። ቁልፉም ይኸው አንገቴ ላይ ነው።»

ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ ያደሩት እንግዲህ እማማ እመቤቴና በጥናቱ ምክንያት ክፍል የተከራዩት ሦስት ተመራማሪዎች ናቸው። ጥናቱ ኮሶ በእርግጥ ያሽራል ወይ የሚል ነበር። ምሕረትአብ ዛፉን ጉና ተራራ ላይ ያጠናል። ሊድያ ኮሶ የሚጠጡ ሰዎችን ወጋቸውን እየጠየቀች ትጽፋለች። ቃለአብ ደግሞ ከአበባው ተጨምቆ በጠርሙስ የሚመጣለትን መድኃኒት እብናት ላሉ ሕመምተኞች ይሰጣል። መሪያቸው ፕሮፌሰር ባዩ ነበሩ።

በማግሥቱ ዙበይዳ ተመራማሪዎቹ አበባ ከሚያደርቁበት ክፍት ዕቃ ቤት አንድ እስር ወስዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በየተራ ጠራቻቸው። ቃለአብ ቀደመ።

«ይህ ነው አይደል?» አለችው።

«እሱ ነው» አለ። «ጣሳው ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ይህንን እንደ ሽንኩርት ገበያ ላይ ይቸረችሩታል እኮ!»

ምሕረትአብ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። ሞቱ በተሰማበት ዋዜማ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሲጨቃጨቅ እማማ እመቤቴ ሰምተውታል።

«ጮኼባቸዋለሁ፤ አልክድም» አለ። «ከእብናት እንደተመለሱ ጥናቱን አቆማለሁ አሉን። ብርዱ አጥንቴን እስኪገባው የለፋሁበት ሥራ ነው። ለምን ስላቸው አልመለሱልኝም።» ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። «ወንዴው አበባ ምን ያደርግልዎታል? እንዳይረግፍብኝ፣ በሞቴ።»

ሊድያ ስታለቅስ ነበር። አበባውን ስታይ ግን ሳቅ አመለጣት።

«የእብናት ሴቶች ይህን ይዘው ቢያዩዎት መሳቂያ ያደርጉዎታል። የሚጠጣው ቀዩ ነው፤ ሴቴው።»

«ፕሮፌሰሩ እብናት ምን አይተው ነው የመጡት?»

«እንጃ። ከታካሚዎቹ ቤት ሲመለሱ ግን ሰው የሞተባቸው ይመስሉ ነበር።»

ዙበይዳ ወደ እብናት ከመውረዷ በፊት ጥሩወርቅን በእስር ክፍሏ ጎበኘቻት። ሴትዮዋ የተቀደደውን ነጠላ በእጇ ይዛ ተቀምጣለች።

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው የኔ ነገር» አለች፣ ዙበይዳ ስለ ወንዴው ስትጠይቃት። «ላንዱም ወንዴ ሸጬ አላውቅም፤ መጠን አሳልፌም አላውቅም። ከተፈረደብኝ ልጆቼን ማን አባቱ ያስጠጋቸዋል? የነፍሰ ገዳይ ልጆች ሊባሉ ነው።»

«እስቲ አንድ ቀን ታገሺኝ» አለቻት ዙበይዳ። ልቧ ግን ተረብሾ ነበር፤ ያ አንድ ቀን ከአለቃዋ ተለምኖ የተገኘ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም በእማማ እመቤቴ ሳሎን ተሰበሰቡ። ጥሩወርቅም በፖሊስ ታጅባ መጣች። ከእርሷ ጎን ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ያወረደች ሴት ተቀመጠች፤ የጥሩወርቅ ዘመድ ትሆናለች ብሎ ማንም አልጠየቀም።

«ፕሮፌሰር ባዩ ኮሶ አልጠጡም» አለች ዙበይዳ። «ኮሶ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ። ጠዋት ሊጠጣ ያሰበ ሰው ማታ እራቱን ጥርግ አያደርግም። የጠጣ ሰው ደግሞ ደጅ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ይውላል። ግቢው ጭቃ ነው፤ ጫማቸው ግን ደረቅ ነው። ባልዲውም ደረቅ ነው። ዶክተር፣ ሲያስመልሳቸው ዋለ ያሉኝ በምን ላይ ነው?»

«የመሰለኝን ነው የተናገርሁት» አለ ቃለአብ።

«ዓይናቸው ውስጥ ደም ነጠብጧል። ትራሱን ከታች በኩል ነክሰውታል። ታፍነው ነው የሞቱት። የዓይን ሽፋን ገልጦ ይህን ያላየ ሐኪም አስገረመኝ። ገዳዩ ጣሳውን አስቀመጠ፤ በስልካቸውም መልእክት ላከ። ኮሶ የጠጣ ሰው እንደማይጎበኝ ያውቃል፤ ይህንን ከሊድያ ጥናት ሁላችሁም ሰምታችኋል። አስከሬኑ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ዋለ።»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ እማማ እመቤቴ።

«ጣሳው ውስጥ ያለው ወንዴ ኮሶ ነው። ከጥሩወርቅ ቅርጫት አልወጣም፤ የወጣው ከዕቃ ቤቱ ነው። እማማ፣ አንቱ እዚሁ አገር ኖረው ወንዴውን አይበጠብጡም። ምሕረትአብ ገና ሲያየው ለየው፤ ሊድያ ሳቀችብኝ።»

«እያወቁ ለማሳሳት ቢጠቀሙበትስ?» አለ ቃለአብ ፈጥኖ።

«የገዳዩ ዘዴ ሁሉ ሞቱ ተራ የኮሶ ሞት እንዲመስል ነበር። የሚያውቅ ሰው የገዛ ውሸቱን አያበላሽም። እዚህ ቤት ውስጥ ኮሶን በጠርሙስ ብቻ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ወንዴውን አሳይቼው ‹ገበያ የሚቸረቸረው ይኸው ነው› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ቃለአብ ዞሩ። እሱ ብድግ አለ።

«እኔ ፕሮፌሰሩን ለምን እገድላለሁ? እንደ አባቴ ነው የማያቸው!»

ያን ጊዜ ጥግ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ግን ማንንም አያዩም።

«ዶክተር? አንቱ ኖት?» አለች ፊቷ እየበራ። «እኔ ፍቅርተ ነኝ፣ የእብናቷ። ድምፅዎን አወቅሁት። የሰጡኝን መድኃኒት ከጠጣሁ ወዲህ ጨለመብኝ ብልዎት፣ ያልፋል፣ ለማንም አታውሪ፣ ራሴ መጥቼ አድንሻለሁ አላሉኝም? አንድ ሽማግሌ መጥተው አልቅሰው ሄዱ። እኔስ አንቱን ነበር የምጠብቅ። ማዳኛውን ይዘውልኝ መጡ?»

ምሕረትአብ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሊድያ ጮክ ብላ አለቀሰች።

«ፕሮፌሰሩ ይህን ሊናገሩ ነበር» አለች ዙበይዳ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንተ የደበቅኸው የሰው በሽታ ነው።»

ቃለአብ ወንበሩ ላይ ወደቀ። «አንዲት ሴት ናት» አለ በሹክሹክታ። «አንዲት ብቻ። መድኃኒቱ ለስንቱ ይተርፍ ነበር። ለመንኋቸው፤ እምቢ አሉኝ።»

ዙበይዳ በቁጣ ለፖሊሶቹ በእጇ ምልክት ሰጠች። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ፍቅርተ እጇን ድምፁ ወደ ነበረበት እንደዘረጋች ቀረች።

«ጥሩወርቅ፣ ወደ ልጆችሽ ሂጂ» አለች ዙበይዳ። «ነፃ ነሽ።»

ጥሩወርቅ ግን አልተነሳችም። የተዘረጋውን እጅ ቀስ ብላ ይዛ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ዝም አሉኝ እኮ» አለች ፍቅርተ። «ሄዱ እንዴ?»

«ሄዱ፣ እህቴ» አለቻት ጥሩወርቅ። «ከእንግዲህ አትጠብቂያቸው።»