ከምንጣፉ ሥር ያለው ቢጫ መስመር

ዶክተር መሓሪ ተክላይ ኢንስፔክተር ተስፋሁንን የሰደበው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ተስፋሁን ያኔ ተራ ፖሊስ ነበር። መሓሪ ላፕቶፕ ተሰርቆበት ጣቢያ መጣ፤ ተስፋሁን ቃሉን ቀስ ብሎ ሲጽፍ ቢያይ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ «ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው የላችሁም?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ጥርስ የሌላት አንዲት ሴትዮ እንኳ አልቀረችም። ተስፋሁን ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሳቁበትን ፊቶች ግን እስከ ዛሬ ያውቃቸዋል።

ስለዚህ የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት አፍንጮ በር ሰፈር ተጠርቶ ሲሄድ፣ በካቴና የሚጠብቀው ያው መሓሪ መሆኑን ሲያይ፣ በዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ የገባለት መሰለው።

የመሓሪ አባት አቶ ተክላይ፣ ዕድሜያቸውን ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ፣ ከአሮጌው የእንጨት ፎቅ ደረጃ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተዋል፤ ሁለቱም የእጅ አንጓቸው ላይ የጥፍር ምልክት አለ። እንቅስቃሴን የሚያስረው የፓርኪንሰን በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። መሓሪ ማለዳ መጥቶ ሲጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል፤ ሲወጣ ግን ያየው የለም።

አየሁ ባይዋ ለተኪዳን ናት፤ የሟች የእህት ልጅ፣ እዚያው የምትኖር፣ ከሥር ባለው በሟች ሱቅ ልብስ የምትሸጥ። ጥቁር ነጠላውን በዚያ ፍጥነት ከየት እንዳገኘችው እግዜር ይወቅ።

«ከደረጃው ሥር ነበርኩ» አለች። «አጎቴ ከክፍላቸው ወጡ። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ እያሉ፣ ሳይቆሙ ደረጃው አፍ ደረሱ። መሓሪ ከኋላ መጥቶ ገፋቸው።»

«ሰላምታ እየሰጡሽ፣ እየተራመዱ?» አላት ተስፋሁን።

«ምነው? እሳቸው የጨዋ ልጅ ናቸው። ሰው እያዩ ዝም ብለው ያልፋሉ?»

ተስፋሁን መሓሪን «አንተ» እያለ ጠየቀው፤ በዚያች «አንተ» ደስ አለው። ለምን ጮህክ ሲለው፣ አባቱ በሩ ላይ ተገትሮ አልራመድ ስላለው እንደሆነ ተናገረ። «ስንፍና ነው። ወንበሩ ላይ መልሼው ፈተና ላርም ሄድኩ።» አገር ያስተምራል፤ አባቱን አያውቅም።

ተስፋሁን የሟች ክፍል በር ላይ ተንበረከከ። ለበዓሉ የተነጠፈውን አዲስ ምንጣፍ ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ፣ ጣውላው ላይ በአግድም የተለጠፉ ቢጫ ፕላስተሮች አገኘ።

«ያቺ ረይሀና የለጠፈችው ነው» አለች ለተኪዳን። «ቤት ያስጠላል፤ ትናንት ማታ አነጠፍኩበት።»

ረይሀና አረማመዳቸውን ልትመረምር የምትመላለስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ዓይኗ አብጦ መጣች። ስልኳ ላይ የምርመራውን ቪዲዮ አሳየችው። አቶ ተክላይ እየተራመዱ ነው፤ ረይሀና «አባባ፣ ሱቅ ሲከፍቱ ጎረቤትዎ ማን ነበር?» ትላቸዋለች። ቀጥ ይላሉ። ሲመልሱ ቆመው ነው፤ ጨርሰው ነው ደግሞ የሚራመዱት። በሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ የተሰፋ ይመስላል። ከዚያ ዓይናቸው ቢጫው መስመር ላይ ያርፋል፤ ቦይ እንደሚሻገር ሰው ከፍ አድርገው ይራመዳሉ።

ተስፋሁን ተመልሶ የምንጣፉን ጫፍ ያዘ። ወደ ቦታው መልሶ ዝም ቢል፣ መሓሪ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። እንደዚያ ያለውን ውሸት አምኖ ከፈረመ ግን፣ ያኔ በእርግጥ ማንበብ የማይችል ሰው ሆነ ማለት ነው። ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ጥግ ወረወረውና ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰባቸው።

«ለተኪዳን፣ ስንት ዓመት አብረሽ ኖርሽ?»

«ስድስት።»

«በስድስት ዓመት አንድ ቀን ሲራመዱ አላየሻቸውም። አጎትሽ ወይ ይራመዳሉ፣ ወይ ያወራሉ፤ ሁለቱን ባንዴ አይችሉም። ውሸትሽን በጨዋ ወግ ልታሳምሪው ሰላምታ ጨመርሽበት። በሩን የሚያሻግራቸውን መስመር ደግሞ ትናንት ሸፍነሽዋል። ዛሬ ጠዋት መሓሪ ፊት የተገተሩት ሰው፣ ላንቺ ሮጠው ሊወጡ ነው? ሰው አውጥቷቸዋል። ረይሀና፣ እግራቸው ሲያዝ ከፊት ሆኖ የሚጎትታቸው ቢመጣስ?»

«ሰውነታቸው ይቀድማል፣ እግራቸው እየተንደረደረ ይከተላል። መቆም አይችሉም» አለች ረይሀና። «እንዳትጎትቷቸው ብዬ ነበር።»

«የሟች ሁለቱም የእጅ አንጓ ላይ የጥፍር ምልክት አለ። ከኋላ የሚገፋ ሰው አንጓ አይዝም። መሓሪ ደግሞ ጥፍሩን በጥርሱ የጨረሰ ሰው ነው፣ እዩት። ከኋላ ነበር ያልሽውም አንቺ ነሽ። ከፊት የነበረውስ ማነው? እሱንም ከደረጃው ሥር ነበርኩ ስትይ ነግረሽኛል። አንቺ።»

ለተኪዳን ቀለም የተቀባ ጥፍሯን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ፣ ሱቁን ለመሓሪ ሊሰጡት ልቀቂ እንዳሏት፣ ከነዕቃዋ ወዴት ልትሄድ እንደነበረ ማጉረምረም ጀመረች።

«ሱቁ ድረስ ወርደው ዓይኔ እያየ ያስወጡኝ አልኳቸው» አለች። «በሩ ላይ ተገተሩ። ሳብኳቸው። ደረጃው ጋ ስንደርስ... ከፊታቸው ዞር አልኩ።»

ካቴናው ከመሓሪ እጅ ወደ እሷ እጅ ሄደ። መሓሪ አንጓውን እያሻሸ ቢጫውን መስመር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ስንፍና ነው ያለው ትዝ ብሎት ይሁን አይሁን፣ ተስፋሁን ግድ አልነበረውም።

«ኢንስፔክተር» አለ መሓሪ በመጨረሻ፣ እጁን ዘርግቶ። «ይቅርታ፣ ፊትዎ አዲስ አልሆነብኝም። የት ነው የምንተዋወቀው?»

ተስፋሁን የተዘረጋውን እጅ አየው። ኮፍያውን ደፋና ደረጃውን ወረደ፤ አልመለሰም፣ አልቆመምም።