ዘለበቱ የተቆለፈ ጃኬት

ስኖኳልሚ ወንዝ ናኦድን የመለሰው በጠፋ ማግስት ጎህ ሲቀድ ነው። በወደቀ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ዋና አይችልም ነበር፤ ላይፍ ጃኬቱ ግን አካሉ ላይ የለም። ጃኬቱን ፈላጊዎቹ በዋዜማው ከወንዙ ታች፣ ከድንጋዮች ሥር አውጥተውታል።

የካውንቲው መርማሪ ኤዶም ስትደርስ ከማል ሱቁ ደጃፍ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ነበር። ከማል ለወንዝ መዝናኛ ጎማ የሚያከራይ ሰው ነው። ደንበኞቹን በቫን ወደ ላይ ያደርሳቸዋል፤ እነሱም በተነፋ ጎማ ላይ ተንጋለው ውሃው እያንሳፈፋቸው እስከ ሱቁ ድረስ ይወርዳሉ። ፌስቡክ ላይ ያለው ሀበሻ «ሰፊ ጃኬት ሰጥቶ ልጁን ፈጀው» ብሎ ገና ሬሳው ሳይደርቅ ፈርዶበታል። እንዲህ ያለ ችሎት ምስክር አይጠራም፣ ይግባኝም አይቀበልም።

«እህቴ፣ በአላህ ስም ነው የምነግርሽ» አላት። «እያንዳንዱን ጃኬት በእጄ አጠብቃለሁ። ከዚያ ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ እስበዋለሁ። አገጭ ጋ ከደረሰ ሰውየውን ውሃ አላስገባውም። ሶ፣ ጃኬቱ ከላዩ ሾልኮ ከሆነ ገዳዩ እኔ ነኝ። ንገሪኝ፣ እኔ ነኝ?»

«ገና አላወቅሁም።»

ኤዶም ሰው ለማጽናናት ብላ አትዋሽም። ይህ ጠባይዋ ብዙ ወዳጅ አላፈራላትም።

ጃኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አየችው። ሦስቱም ዘለበቶች ተቆልፈዋል። ቀበቶዎቹም አልላሉም። ማንም እንዳይነካው አዘዘች።

ወደ ወንዙ የመጡት አራት ነበሩ። በማግስቱ ፍልሰታ ስለሚገባ ቅበላውን ውሃ ዳር ሊያሳልፉ ነው። ናኦድ ሲታክ፣ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ ሾፌር ነበር። ኖላዊት እጮኛው ናት፤ ሚኪ ደግሞ አብሮት አንድ አፓርትማ የሚኖር ጓደኛው። አራተኛው ጋሽ አበጀ ናቸው፤ ናኦድና እህቱ ባየሽ በዲቪ ሲመጡ ቤታቸው ያስጠጓቸው፣ ሥራ ያስገቧቸው የታክሲ ሾፌር።

መጀመሪያ ሚኪን ጠራችው።

«ጠዋት ተጣልታችኋል።»

«ከአፓርትማው ልወጣ ነው አለኝ። ለምን ስለው አይመልስም። ኦኬ፣ ጮኼበታለሁ! ግን ወንድሜ ነው።»

«መንገድ ላይ ከወንዙ ዳር ያለው ኮረት ላይ ወጥታችሁ አርፋችኋል። ከዚያስ?»

«እኔና ኖላዊት ቀደምን። ትንሽ እንደወረድን መነጽሬን መርሳቴ ትዝ አለኝ። ዳር ወጥቼ በእግሬ ተመለስኩ። ኮረቱ ላይ ማንም አልነበረም።»

«አንተን ያየህ ሰውስ?»

ሚኪ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማንም» አለ።

ጋሽ አበጀ ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ ኤዶምም የእውነት መሆኑን አየች።

«ከኋላዬ ነበር፣ ልጄ። ጃኬቱ ሰፍቶት አንገቱ ድረስ ሲወጣበት አይቻለሁ። ምነው ባስወለቅኩት፣ ምነው ባስቀየርኩት!»

«እህቱ ሰማች?»

«ኧረ በፍጹም! ልቧ ሕመምተኛ ነው፤ ድንገት ከሰማች ትሞትብናለች። መርዶውን ሽማግሌ ይዤ እኔው እነግራታለሁ። ከእኔ ሌላ ማን አላት?»

ኖላዊት ሳትጠየቅ ራሷ ጀመረች። «በፍልሰታ ሊቆርብ ፈልጎ ነበር። የንስሐ አባቱ ግን ‹መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ሄደህ እውነቱን ተናገር› አሉት።»

«ምኑን?»

«አልነገረኝም። ከገና ወዲህ በዴ ሞይን ሰፈር በኩል አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። አንዴ እኔ እየነዳሁ አበባ የታሰረበት ምሰሶ አጠገብ ስናልፍ፣ አቁሚ ብሎኝ ወርዶ አስመለሰው።»

ኤዶም ምሰሶውን ታውቀዋለች። በገና ሰሞን አንዲት የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትሻገር መኪና ገጭቷት አምልጧል። መኪናው እስካሁን አልተገኘም።

ከዚያ ባየሽ ወደምትኖርበት ወደ ሴንትራል ዲስትሪክት ነዳች። የባየሽ ጎረቤት ወይዘሮ አገሬ በሩን ገርበብ አድርጋ በሹክሹክታ ተቀበለቻት፤ ባየሽ ከግድግዳው ወዲያ ናት።

«ጋሽ አበጀ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» አለች። «ትናንት ከወንዙ ዳር ኮል አድርገው፣ ‹ስልኳን ደብቂባት፣ ቤት ውስጥ ጠፋ በያት፤ ሽማግሌዎቹንም ለማለዳ አዘጋጂ› አሉኝ። ሁሉን ቀድመው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ከገና ወዲህ ታክሲያቸውን ባናየውም፣ በእግራቸው እየመጡ ይጠይቁናል።»

«ስልክሽን ላየው?»

ኤዶም ጋሽ አበጀ የደወሉበትን ሰዓት አየች። ከዚያም ከማል ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ከደወለበት ሰዓት ጋር አስተያየችው። ወይዘሮ አገሬ ግራ ተጋብታ ታያታለች።

ከሰዓት በኋላ ኤዶም ሦስቱንም ከማል ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ጎማዎቹ ከጣራው ተንጠልጥለዋል፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሚኪ፣ በቁመትም በውፍረትም ከናኦድ ጋር እኩል ነህ» አለች። «ከማል፣ ቀበቶዎቹን ሳትነካ አልብሰው።»

ከማል ዘለበቶቹን ፈትቶ አለበሰው፤ መልሶም ቆለፈ። ከዚያ በትከሻው በኩል ይዞ ሽቅብ ሳበ። ጃኬቱ አልሾለከም፤ ይልቅ ሚኪን በእግሩ ጣቶች አቆመው። ከማል ጃኬቱን ሳይለቅ ማልቀስ ጀመረ።

«ስለዚህ ጃኬቱ ከላዩ አልሾለከም» አለች ኤዶም። «ውሃ የሚወስደው ሰው ደግሞ ጃኬቱን አውልቆ መልሶ አይቆልፍም። የወለቀው በደረቅ መሬት፣ ኮረቱ ላይ ነው። የቆለፈው ሰው ‹ሰፍቶት ወለቀ› እንዲባል ፈልጓል፤ ጥፋቱን ለከማል ሊያሸክም።»

«ኮረቱ ላይ ሚኪም ተመልሷል» አሉ ጋሽ አበጀ ቀስ ብለው።

«ተመልሷል። ግን ሰፍቶት ነበር ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላም አለ። ትናንት ለወይዘሮ አገሬ ስለ መርዶ ሲደውሉ፣ ከማል የድረሱልኝ ስልኩን ገና አልደወለም ነበር።»

«እኔማ ያኔ ይመጣል ብዬ እዚህ ሻይ እየጠጣሁ ነበር» አለች ኖላዊት። «ጋሼም ‹በወዲያ ማዶ ወጥቶ ይሆናል፣ አይዞሽ› ብለውኛል።»

«ለጠፋ ሰው መርዶ የሚያዘጋጅ ሀበሻ የለም» አለች ኤዶም። «ሟርት ነው። ሬሳ እስኪገኝ ድረስ ይጸለያል፣ ስለት ይሳላል፣ ይፈለጋል። ሽማግሌ የሚጠራው መሞቱ ለታወቀ ሰው ነው። ያን ሰዓት መሞቱን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ጋሽ አበጀ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ኤዶም ቀጠለች።

«በገና ያቺን የጽዳት ሠራተኛ የገጩት እርስዎ ነዎት፤ ናኦድ ጎንዎ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሰሞን ወዲህ ታክሲዎን ማንም አላየውም። እሱ ሊቆርብ ፈለገ፤ ለመቁረብ ደግሞ መናገር ነበረበት።»

«ለመንኩት» አሉ በመጨረሻ። «እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ጋሼ፣ ሌሊት ሌሊት ሴትዮዋ ትመጣብኛለች› አለኝ። ለማረፍ ጃኬቱን አውልቆ ነበር። እንደተናደደ ጃኬቱን ሳይለብስ ጎማው ላይ ተቀመጠና… ገለበጥኩት። እጁን ሰጠኝ፤ አልያዝኩትም።»

«አንተ!» አለ ሚኪ። ሁልጊዜ አንቱ ሲላቸው የኖረ ልጅ ነው።

«ቤቴ ያስጠጋኋቸው ልጆች ናቸው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ባየሽ ከፌስቡክ እንዳትሰማ ብዬ ነው የደወልኩት። እሷ እንዳትሞት።»

ደግነታቸው ነው ያስያዛቸው። ኤዶም ግን ለዚህ ደግነት ማዘን አልሆነላትም፤ የተዘረጋ እጅ ያልያዘ ሰው ነውና።

ፖሊሶቹ ሲያስነሷቸው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የጋሽ አበጀ ስልክ ጮኸ። የወይዘሮ አገሬ ቁጥር ነው። ኤዶም አነሣችው።

«ሃሎ፣ ጋሼ? ባየሽ ነኝ። ስልኬ ጠፍቶብኝ በወይዘሮ አገሬ ስልክ ነው የምደውለው። ናኦድ ከትናንት ወዲህ አልደወለም፣ እዚህም ሁሉም ዓይኔን ማየት ፈሩ…»

«ጋሽ አበጀ አይደሉም። ኤዶም እባላለሁ፤ ወደ አንቺው እየመጣሁ ነው።»

«ምነው? ጋሼ ከናኦድ ጋር አልነበሩም እንዴ?»

ኤዶም በሩ ላይ የካቴና ድምፅ ሰማች።

«አብረውት ነበሩ» አለች።

«ተመስገን!» አለች ባየሽ። «እሳቸው ካሉማ አልሰጋም።»