የግራዋ ድርሻ

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ማመን ያቃተው ይለፈው፤ እኔ ለማንም አልምልም።

የደረሰባት ታላቅ እህቴ ሠርክአዲስ ናት። ዛሬም ስታወራው መሀል ላይ ታቆምና ምራቋን ትተፋለች።

ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ የተከራየችው ቤት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ... ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው። ውድቅት ሌሊት የምትጠብቁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ሠርክአዲስ የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ባሏ ቡሬ ስለሚሠራ አብዛኛውን ቀን ከልጇ ከውዳሴ ጋር ብቻዋን ናት። ውዳሴ ገና ድክ ድክ የምትል ጨቅላ ናት። ለእህቴ ከዚያች ልጅ የሚበልጥ ነገር በዚህ ምድር የለም።

የዚያን ቀን ጋሽ ይርሳው ከማንኩሳ መጡ። ድሮ በኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን ይጫወቱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ግራ እጃቸውን የወፍጮ ቀበቶ ከወሰደው ቆይቷል።

"ልጄ፣ ሳልሞት ዜማዬን በኖታ አስቀምጪልኝ" አሏት።

ደስ አላት፤ ዜማው እንዳይጠፋ ቃል ገባችላቸው። ኪቦርዷን ከላፕቶፗ ጋር በገመድ አገናኘች። የሚመታው ሁሉ ወዲያው ሶፍትዌሩ ላይ ጥቁር ራስና ቀጭን ጭራ ያለው ኖታ ሆኖ ይወጣል።

ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ጀመሩ። ዜማው ይንቆረቆራል... ኖታው ስክሪኑን ሞላው።

"ወይ ጉድ! አምስት ጣት ይህን ሁሉ?" አለች በሆዷ።

ቀስ ብለው እንዲደግሙላት ለመነቻቸው።

ያኔ አየችው።

ቀኝ እጃቸው በቀኝ በኩል አንዷን ቁልፍ ይነካል። ከዚያ... በግራ በኩል ያለችው ቁልፍ ብቻዋን ትሰምጣለች።

ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ግራ...

ባዶው እጅጌያቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ንቅንቅ አላለም።

"ጋሼ... ግራውን ማን ነው የሚመታው?"

"ዝም ብለሽ ጻፊ" አሉ በሹክሹክታ። "የቀኙን ኖታ ጭራ ወደ ላይ፣ የግራውን ወደ ታች አድርጊው። እንዳይምታታባት።"

"ማንን?"

"እሷን፣ ግራዬን ነዋ! ድርሻዋን አትንኪባት ልጄ። ሥራ ፈትታ አታውቅም... ሥራ ካጣች ሌላ ትፈልጋለች።"

ይህን ብለው ባርኔጣቸውን አነሱና ወጡ። እህቴ እስከ ደጃፍ ሸኝታቸው ተመለሰች።

ቁልፎቹን ልትወለውል ጎንበስ ስትል ሸተታት።

እፍፍ! ፀሐይ ላይ የከረመ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። የቀኙ ቁልፎች ደረቅ ናቸው። የግራዎቹ ግን ያብለጨልጫሉ።

በጣቷ ነካችው...

ሞራ ነው። ለብ ያለ። ጣቷን ስትስብ እንደ ንፍጥ ተለጠጠ። በሁለት ቁልፎች መሀል ደግሞ አንድ ጥፍር ተሰክቷል። ወፍራም፣ ቢጫ ጥፍር... ሥሩ ላይ ሥጋ አለው።

"ወግድ! ወግድልኝ!"

ደጃፍ ሳትደርስ ምሳዋን አስመለሰች።

"ኤዲያ! ልጄ ያለችበት ቤት ይህ ቆሻሻ ድርሻ የለውም!" አለች ጮክ ብላ።

ዜማውን እንዳታጠፋው ለሽማግሌው ቃል ገብታለች። ስለዚህ ሌላ መላ አመጣች። ጭራቸው ወደ ታች የሆኑትን ኖታዎች በሙሉ መረጠችና ለቀኝ እጅ ሰጠቻቸው። አንድ ሳይቀር ሁሉም ጭራቸውን ወደ ላይ አዞሩ።

ለግራ እጅ አንዲት ኖታ እንኳ አልተረፈላትም።

ጥፍሩን በወረቀት አንስታ ጣለች፤ ቁልፎቹን በበረኪና ጠረገች። ሽታው ጠፋ። ላፕቶፑን ከደነች። "እንኳን ተገላገልኩ" አለችና ከእንቅልፏ ለነቃችው ለውዳሴ ፍርፍር አቅርባ፣ ከማጉረሷ በፊት እጇን ልትታጠብ ደጅ ወጣች።

ቧንቧው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ሁለት እጇን በሳሙና ታሻለች፤ ያ ሞራ አልለቅ አላት። ደጋግማ አሸችው፣ በድንጋይ ፈተገችው...

ከቤት ውስጥ ሳቅ ሰማች። የውዳሴ ሳቅ ነው።

ከዚያ... የማላመጥ ድምፅ።

ውዳሴ እኮ ካላጎረሷት አትበላም!

አረፋው ከእጇ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች።

ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጉንጮቿ ሞልተዋል። አገጯ እስከ አንገቷ ድረስ በሞራ ያብረቀርቃል።

"ውዳሴ... ማን ነው ያጎረሰሽ?" አለች እህቴ በሰለለ ድምፅ።

ሳህኑ ላይ ፍርፍሩ በግራ በኩል ተቆነጠረ... ተጠቀለለ... ከሳህኑ ብድግ አለ።



ውዳሴ የነበረውን ዋጠች። እናቷን እንኳ ዞር ብላ አላየቻትም። ማንም ወደሌለበት አንጋጠጠችና፣ አፏን እንደገና ከፈተች።