ዕቃ የማያንቀሳቅሰው ሰው

ሟች የተገኘው በምድር ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ፣ ከባድ የእንጨት ቁም ሳጥን ከላዩ ወድቆበት ነው። ሥራው ቤት መፈተሽ ነበር፤ ሰው ቤት ከመግዛቱ በፊት መሠረቱ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ ግድግዳው ውኃ ማስገባት አለማስገባቱን አይቶ የሚናገር ባለሙያ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን በአጭሩ ቋጭተውታል፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ለማየት ሲጎትተው ወደቀበት፣ በቃ።

መርማሪዋ እንዲህ በአጭሩ የሚቋጭ ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ እንዳልሰማች ትሆናለች። ሁሉንም አስወጥታ ብቻዋን እታች ቀረች።

ድምፁን የሰማችው ያኔ፣ ውጭ ዝናብ እየጣለ ሳለ ነው። የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ጥቂት ቧጠጥ ያደርግና ዝም ይላል፤ ደግሞ ሰው በጥፍሩ እንደሚቧጭር ሆኖ ይቀጥላል። ፈራች። ስንት ዓመት ከሬሳ ጋር የዋለች ሴት ፀጉሯ ቆመ፣ እግሯም ወደ ደረጃው ዞረ። ከዚያ በራሷ አፈረችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ቁም ሳጥኑ ተደግፎት በነበረው ቦታ ልስኑ አዲስ ነው፤ አዲስ ሆኖም ርሷል፣ ዳር ዳሩን ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቷል።

የሟች ቦርሳ ዚፑ ተዘግቶ ከደረጃው ሥር ተቀምጧል። ባትሪውና የእርጥበት መለኪያው ውስጡ ናቸው። ደረጃው አቧራ የለበሰ ሲሆን የታችኛው እርከን ጠርዝ ብቻ ታጥቦ ነጥቷል።

ላይ ቤት አራት ሰዎች ይጠብቋታል፤ የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት፣ ሬሳውን አይቶ ፖሊስ የጠራው አንድ ልጃቸው፣ ቤቱን ሊገዛ የነበረው ሰውና ደላላው።

ገዢው ከሟች ጋር ተጨቃጭቆ እንደነበር አልደበቀም። ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርገህ ጀርባውን አሳየኝ ብሎ ቢለምነው፣ ሰውዬው ወይ ፍንክች አለ።

ደላላው «የቤት ፈታሾች ደንብ ነው» አለ። «የሰው ዕቃ አያንቀሳቅሱም። የተሸፈነውን አላየሁትም ብለው ያልፉታል። እሱ ደግሞ ይብስበታል፤ የወደቀ መጥረጊያ እንኳ ተሻግሮት ነው የሚያልፈው።»

«ታዲያ ምን ብሎ ጨረሰ?»

«ከውጭ ዞሮ አየና፣ መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነብላል፣ የጣሪያው ውኃም መሠረቱ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ይሄ ግድግዳ ውኃ ይጠጣል አለን። ገዢዬ እዚያው ሐሳቡን ቀየረ፤ በእኔ መኪና አብረን ሄድን።»

ሟች እስከ በር ሸኝቷቸው ሲመለስ አሮጊቷ በዓይናቸው አይተዋል። ጠዋት ለፍተሻው ምድር ቤቱን ከፍቶ ወጥቶ የነበረው ልጅም የተመለሰው ያኔ፣ እነሱ ሲወጡ ነው። ለስላሳ፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ቁም ሳጥኑን ላንቀሳቅሰው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ምን ችግር አለው አልኩት። ምነው ባላልኩት።»

አሮጊቷ ወጥ ቤት ናቸው። ቤቱን የሠራው ግንበኛው ባላቸው ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከታች ሆኖ ግድግዳ ይቧጥጣል። ይህን ስላሉ ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወስዷቸው ኪኒን ይውጣሉ። ከሙት ጋር እንዳያወሩም የምድር ቤቱን ቁልፍ እሱ ይዞታል።

«ያንን ሰውዬ እንደ ሞኝ ጠየቅኩት፣ ልጄ፤ እታች የሚሰማ ነገር አለ ወይ ብዬ።»

«ምን አለዎት?»

«ዕቃዬን ልሰብስብና ወጥቼ እነግርዎታለሁ አለኝ። አልወጣም።»

መርማሪዋ ነገሩ አደጋ እንዳልሆነ ስትናገር፣ ልጅየው ወደ ጎን ወሰድ አደረጋት። «እማዬ ጤነኛ አይደለችም» አላት በሹክሹክታ፤ «ሰው ብትገፋ እንኳ አታስታውሰውም።» አሮጊቷ ሰምተውታል። እጃቸውን አገላብጠው አዩና «እኔ እሆን እንዴ?» አሉ። ይህ ቃል ከጸና ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ተቆልፎባቸው ሊኖሩ ነው፤ የባሰው ደግሞ እሳቸውም አምነውበት።

አራቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው።

«ጨለማ ጥግ የሚያይ ሰው ባትሪውን ቦርሳ ውስጥ ቆልፎ አያይም» ብላ ጀመረች። «ሟች ሥራውን ጨርሶ ደረጃውን ሊወጣ ነበር። የታችኛው እርከን ጠርዝ ታጥቧል፤ ጭንቅላቱ የተመታው እዚያ ነው። ቁም ሳጥኑ ኋላ ነው የተጣለበት። የጣለው ሰው አንድ ነገር አያውቅም፤ ይህ ባለሙያ የሰው ዕቃ እንደማይነካ። ገዢና ደላላ ያውቃሉ፣ በዚያ ላይ ሄደዋል። እማማ ያንን ቁም ሳጥን ሊነቀንቁት አይችሉም። ‹ላንቀሳቅሰው ወይ አለኝ› ብሎ ሟች የማይለውን ያስባለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ልጅየው ዞረች።

«አዲሱ ልስን የማን ነው? ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ቤቱ እንዲሸጥ የግድግዳውን ስንጥቅ ለስነህ በቁም ሳጥን ከለልከው። ውኃው ግን ከልስኑ ኋላ ጠጠር እየጎተተ መውረዱን አልተወም። እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ልጅየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መጀመሪያ፣ አለ፣ ገዢ እንዳይሰማ እናቱ ዝም እንዲሉለት ብሎ ብቻ ነበር ‹ጆሮሽ ነው› ያላቸው። አንዴ ከተናገረው በኋላ መመለሻ አጣ። ሐኪሙ መጣ፣ ኪኒኑ መጣ።

«ሰውዬው አሁን ወጥቼ ውኃ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ተው ብዬ ለመንኩት። ከዚያ በኋላ እማዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እምቢ ብሎኝ ደረጃውን ሊወጣ ሲል ገፋሁት።»

መርማሪዋ አሮጊቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «አእምሮዎ ደህና ነው፣ እማማ። የሰሙት እውነት ነው። ያበደ ሰው የለም።»

አሮጊቷ ልጃቸውን እንጂ እሷን አላዩም።

«ውኃ እንደሆነማ አውቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የግንበኛ ሚስት ነኝ። ግን አንተ ዋሸኸኝ ከምል፣ አብጃለሁ ማለት ቀለለኝ።»

ልጅየው ከተቀመጠበት ሳይነሳ አለቀሰ፤ ፖሊሶቹም እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።